የማን ግራ? በጥርስ ክሊኒክ ውስጥ በባልደረባ ቦታ ቆሞ ማየት

ሪሴፕሽኒስቷ ካርዱ ላይ «ከታች በግራ» ብላ ጻፈች። ታካሚው ፊት ለፊቷ ቆሞ ጉንጩን ሲነካ እጁ ያረፈው በእሷ ግራ በኩል ነበር፤ ለእሱ ግን ቀኙ ነው። ነርሷ ካርዱን አንብባ የግራውን ጥርስ ራጅ ለማንሳት ተዘጋጀች። እኔ ከታካሚው ራስጌ ተቀምጬ አፉን ሳስከፍት የተቦረቦረው መንጋጋ በቀኝ በኩል ቁጭ ብሏል። ማደንዘዣ ከመወጋቱ በፊት ስለታየ ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ነርሷን ተቆጣሁ፤ ነርሷ ሪሴፕሽኒስቷን ወቀሰች፤ ሪሴፕሽኒስቷ ምሳ ሳትበላ ዋለች። ሦስታችንም ያየነው አንድ አፍ ነው። ግራ ያጋባን የቆምንበት ቦታ ነው።

ከዚያ ወዲህ ክሊኒኩ ውስጥ ጭቅጭቅ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ሰውየው የት ቆሞ እንዳየ ነው። ቀጥሎ ያለው አሠራር የተጻፈው ፎቅ ላይ ጥቂት ክፍሎች ተከራይታ በሁለት ወይም በሦስት ወንበር ለምትሠራ ክሊኒክ ነው፤ ሐኪም፣ ነርስ፣ ሪሴፕሽን፣ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ ውጭ ያለ የጥርስ ላብራቶሪ፣ ብዙ ጊዜም ሐኪም ያልሆነ ባለቤት ያሉባት። ከዳር እስከ ዳር ሦስት አራት ሳምንት ይፈጃል። ገንዘብ አይጠይቅም። ግማሽ ቀን ሥራ ግን ስለሚያስተጓጉል ለባለቤቱ አስቀድመው ይንገሩት።

1. አንድ ጠብ ብቻ ይምረጡ

«አንግባባም» ከሚል ቃል አይጀምሩ፤ አይጨበጥም። «ማክሰኞ 5 ሰዓት ላይ የመንቀያ ዕቃ አልቆ ታካሚ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቀ» የሚለው ግን ጫፍ አለው፤ ጎትተው ሊከተሉት ይችላሉ።

የሚመርጡት ነገር ቢያንስ ሦስት ጊዜ የተደጋገመ ይሁን። አንዴ የሆነ ነገር የዚያች ቀን ጣጣ ሊሆን ይችላል። የሰው ስም አይኑርበት፤ «የሲስተር መዘግየት» ብሎ የሚጀምር ወረቀት ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ደመወዝን ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አይምረጡ። እሱ ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ተብሎ የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ ቦታ ስለተቀያየራችሁ አይጨምርም።

እኔ የመረጥኩት የመንቀያ ዕቃውን ነበር፤ በየሳምንቱ እንጣላበታለንና።

2. ዕቃውን እግር በእግር ይከተሉ

እኔ ከምቀመጥበት ሲታይ ነገሩ ቀላል ነው። ስድስት የመንቀያ «ሴት» አለን፤ በእንግሊዝኛው አባባል፣ አንድ ላይ የሚታሸግ ሙሉ የዕቃ ስብስብ ማለት ነው። «ሲስተር፣ ሴት!» ስል መምጣት አለበት። (ይህን ጥሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ታካሚ ሲደነግጥ አይቻለሁ።) ካልመጣ አንድ ሰው ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ለዓመታት እንዲህ ነበር የማስበው።

አንድ ሐሙስ ሰዓትና ወረቀት ይዤ አንዷን ፎርሴፕስ (የጥርስ መንቀያ ጉጠት) ተከተልኳት። 3:40 ላይ ከታካሚ አፍ ወጣች። ነርሷ ወዲያው ልትወስዳት አልቻለችም፤ ወንበሩን መጥረግ፣ ቀጣዩን ማስገባት፣ ለእኔ ማደንዘዣ ማቀበል ነበረባት። 3:58 ላይ መዘፍዘፊያው ውስጥ ገባች። ከዚያ በብሩሽ መታጠብ፣ መለቅለቅ፣ መድረቅ፣ ከረጢት ውስጥ መታሸግ፣ ቀን መጻፍ፦ 4:20። ኦቶክሌቩ (በእንፋሎት ሙቀት ጀርም የሚገድለው ማሽን) ግን ቀድሞ የገባ ዕቃ ይዞ ነበር፤ እስኪጨርስ 4:35 ሆነ። ማሽኑ 134 ዲግሪ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ እኔም ከትምህርት ቤት የያዝኩት ያችን ቁጥር ብቻ ነበር። እስኪሞቅ፣ እንፋሎቱን እስኪያስወጣና እስኪያደርቅ ሲደመር የእኛው ማሽን 50 ደቂቃ ይወስዳል። 121 ዲግሪ ላይ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። 5:10 ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ የተቋረጠ ዑደት ግን ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ፎርሴፕሷ መደርደሪያው ላይ የተመለሰችው 6:15 ነው።

ከአፍ ወጥታ እስክትመለስ 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ። በዚህ መሃል ሦስት ጊዜ «ሴት!» ብዬ ጮኼአለሁ፤ ራሴ ወረቀቱ ላይ መዝግቤዋለሁ።

ሌላም ነገር ወጣ። ባለፈው ወር ስቸኩል «ማድረቁ ይቅር፣ አምጪው» ብያት ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ፤ እሷ አልረሳችም። እርጥብ ሆኖ የወጣ ከረጢት በወረቀቱ በኩል ጀርም ያስገባልና ንጹሕ ነው ብሎ መጠቀም አይቻልም፤ ይህን ከእኔ በላይ ታውቃለች። ከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት ቀለም መቀየሩ እንኳ ሙቀት እንዳገኘ እንጂ ጀርሙ እንደሞተ አያረጋግጥም። እና ያን ቀን ከእኔ ትእዛዝና ከምታውቀው ነገር መሃል ቆማ ነበር፤ እኔ ያየሁት ግን መቆሟን ብቻ ነው።

አከታተሉ እንዲህ ነው። አንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፦ ሰዓት፣ ዕቃው የት አለ፣ በማን እጅ ነው፣ ምን እየጠበቀ ነው። ከሁሉም የሚጠቅመው አራተኛው ነው። ጠቡ ስለ ታካሚ መጉላላት ከሆነ በዕቃው ፈንታ ካርዱን ከበር እስከ ሒሳብ ይከተሉ። ሲከተሉ አስተያየት አይስጡ፤ አይርዱም፤ ከረዱ ያን ቀን ያልተለመደ ቀን ያደርጉታል። ከመጀመርዎ በፊት ግን ለነርሷ በግልጽ ይንገሯት፦ «የምከተለው ዕቃውን ነው፤ ወረቀቱንም አንቺው ጋ ነው የማስቀምጠው።» ሰዓትና እስክሪብቶ ይዞ ዕቃ ክፍል የሚገባ ሰው በእኛ አገር ኦዲተር ነው፤ ወይም ሰው ሊያስባርር የመጣ ነው።

3. ግማሽ ቀን ቦታ ይቀያየሩ

ወረቀቱ ዕቃው የት እንደቆመ ያሳያል። ሰውየው እዚያ ቆሞ ምን እንደሚሰማው ግን ቦታው ላይ ካልተቀመጡ አይታወቅም። ብዙ ታካሚ የሌለበትን ቀን ይምረጡ፤ የበዓል ዋዜማ አይሆንም።

ሐኪሙ ሪሴፕሽን ላይ ይቀመጥ። ጋውኑን አውልቆ፣ ከልጅቷ ጎን፣ ስልኩን ራሱ እያነሳ። እኔ በመጀመሪያው ሰዓት የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንዱ ደውሎ «ጥርስ ማስነቀል ስንት ነው?» ይላል። ጥርሱን ሳላይ ምን እላለሁ? ካልነገርኩት ይዘጋዋል፣ ከነገርኩት ነገ መጥቶ «ያልከኝ ይሄ አልነበረም» ይለኛል። በዚያው ቅጽበት ጉንጩ ያበጠ ሰው ያለ ቀጠሮ ገባ፤ ቀጠሮ ያላቸው ሁለቱ ተያዩ። የቴሌብር መልእክት አልገባ ብሎ አንዲት እናት ደረሰኝ እየጠበቀች ቆማለች። አንድ ከአሜሪካ የመጣ ሰው ደግሞ «3 ሰዓት» ብለን የቀጠርነውን በፈረንጅ ቆጥሮ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ከች አለ፤ በሳምንቱ ስለሚበር ሌላ ቀን የለውም። ከውስጥ ደግሞ የባልደረባዬ ድምፅ ይሰማል፦ «ቀጣዩን ላኪልኝ እንጂ!»

ከሁሉ የገረመኝ ግን የዋጋው ነገር ነው። ታካሚው ለማስሞላት ገብቷል። ውስጥ ተከፍቶ ሲታይ መበስበሱ ነርቩ ጋ ደርሷል፤ ሩት ካናል (የጥርሱን ነርቭ አውጥቶ ውስጡን ማጽዳትና መሙላት) ሆነ። ሐኪሙ ውስጥ ሆኖ አስረድቷል፣ ታካሚውም ራሱን ነቅንቋል። ጉንጩ ደንዝዞ፣ አፉ ተከፍቶ ከመነቅነቅ በቀር ምን ሊያደርግ ይችላል? ገንዘቡን የሚሰማው ሪሴፕሽን ላይ ነው። ቁጣው ሁሉ የሚያርፈው የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ላይ ነው፤ ውሳኔውን አልወሰነች፣ ጥርሱን አላየች። እኔ ከክፍሌ ሆኜ የምሰማው «ሪሴፕሽን ላይ ሁልጊዜ ጭቅጭቅ አለ» የሚለውን ብቻ ነበር፤ ጠባይዋ ነው እል ነበር። ጭቅጭቁን ግን እኔው ነኝ አሽጌ ወደ ውጭ የምልከው።

ሪሴፕሽኒስቷ ደግሞ ወደ ውስጥ ትግባ። በታካሚው ፈቃድ አንድ ሙሌት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትይ። ሙሌቱ እንዲይዝ የሚቀባው አሲድ ጥርሱ ላይ ለ15 ሰከንድ ያህል ይቆያል፤ ይታጠባል፤ ይደርቃል፤ ማጣበቂያው ይቀባል፤ በሰማያዊው ብርሃን ለ20 ሰከንድ ያህል ይመታል። በዚህ መሃል የምራቅ ጠብታ ከነካው ሙሌቱ በደንብ አይያዝም፤ ከወራት በኋላ «ወደቀብኝ» ተብሎ የሚመጣው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የእኛዋ ልጅ ይህን ቆማ ስታይ ነርሷ ሰክሽኑን (የምራቅ መምጠጫውን ቱቦ) ይዛ እንዴት እንደምትተነፍስ አስተዋለች፤ ቀስ ብላ ነው። ከዚያ ወዲህ «ዶክተር፣ ስልክ» ብላ በሩን አንኳኩታ አታውቅም። እኛም ሙሌት ስንጀምር እጀታው ላይ ቀይ ሪባን ማሰር ጀመርን፤ አጣዳፊ ከሆነ በወረቀት ጽፋ ለነርሷ ታቀብላለች።

ሐኪሙ በነርሷ በርጩማ ላይም ለአንድ ታካሚ ይቀመጥ፤ ሰክሽን ይያዝ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሐኪም ከታካሚው ራስጌና ከቀኙ ነው የሚሠራው፤ ነርሷ በግራ ናት። እኔ ከተቀመጥኩበት የሚታየኝ ጥርስ፣ ድድ፣ መስታወት ነው። እሷ የታካሚውን እግር ታያለች። ያመመው ሰው እጁን ከማንሳቱ በፊት ጫማው ውስጥ ጣቶቹ ይጨበጣሉ። ሲስተር ይህን አይታ ሰክሽኑን ትንሽ ስትመልስ እኔ «ያዢው እንጂ!» ስላት ኖሬአለሁ። አሁን እግር ስታይ ክንዴን በክርኗ ነካ ታደርገኛለች፤ አቆማለሁ።

ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ሲዘጋ አብሮ ማምሸት የግድ ነው፤ ብዙ ክሊኒክ ይህችን ይዘላታል። እኔ ከእትዬ ጋር ቆየሁ። የቆሻሻ ከረጢቱን ከማንሳታቸው በፊት በጫማቸው ጫፍ ገፋ አድርገው ያዳምጣሉ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «መርፌ ካለ ቅጭል ይላል» አሉኝ። የመርፌ ሳጥኑ ከወንበሩ ሁለት ሜትር ርቆ ግድግዳው ጋ ነበር፤ ስንቸኩል ትሪው ላይ የተውነው መርፌ ከጥጥ ጋር ተጠቅልሎ ከረጢት ይገባል። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሌላ ቦታ ሲሠሩ፣ አንድ ጊዜ ወግቷቸው ለማንም አልተናገሩም፤ ያባርሩኛል ብለው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም አልወሰዱም፤ እኛ ሐኪሞቹና ነርሶቹ ስንከተብ እሳቸውን የጠራ አልነበረም።

4. ለየብቻ ይጠይቁ፣ ግን እንዴት እንደሚጠሩም ያስቡ

ሁሉን ሰብስቦ «ችግር ካለ ተናገሩ» ማለት ዝምታ መሰብሰብ ነው። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ብሎ ያደገ ሰው ዶክተሩ ፊት ስለ ዶክተሩ አይናገርም። ይሉኝታም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ለየብቻ፣ ቢሮ ሳይሆን ቡና በሚፈላበት ወይም ዕቃ በሚታሸግበት፣ እጅ ሥራ ላይ እያለ ይጠይቁ። ሰው እጁ ሲሠራ አፉ ይፈታል።

«ለምን ዘገየሽ?» የሚለው ጥያቄ ሰበብ ነው የሚወልደው። እነዚህን ይሞክሩ፦

«እስቲ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ የሆነውን ንገሪኝ።»
«አንቺ የምታዪው፣ እኔ የማላየው ምን አለ?»
«ዛሬ ሁለቴ የሠራሽው ነገር አለ?»

ሦስተኛው ወርቅ ነው። ሰው ስለ ባልደረባው ማማት ያፍራል እንጂ ሁለቴ ስለለፋበት ሥራ ለመናገር አያፍርም። ከእሱ ጀርባ ደግሞ ሁልጊዜ ያልደረሰ መረጃ አለ። የሰሙትን መልሰው ይንገሯት፤ «እንዲህ ነው ያልሽኝ?» ብለው። እርስዎ የተረዱት እሷ ካለችው ይለያል፣ ብዙ ጊዜ።

አጠራሩ ትንሽ ነገር ይመስላል። በእኛ ክሊኒክ ሐኪሙ «ዶክተር» ነው፣ ነርሷ «ሲስተር» ናት፣ በእናታችን ዕድሜ ያሉት የጽዳት ሠራተኛ ግን «አንቺ» ይባሉ ነበር፤ ዋርድያውም በስማቸው። ከጥቂት ወራት በፊት የገባ ወጣት ሐኪም በራሱ ጊዜ «እትዬ» እና «እርስዎ» ማለት ጀመረ። ስለ መርፌው ቀድመው ጥቆማ የሰጡት ለእሱ ነበር፤ እኔ ስድስት ዓመት አብሬአቸው ሠርቻለሁ።

ዋርድያውን አይርሱ። ያበጠ ጉንጭ ይዞ ደረጃውን መውጣት ያቃተው፣ ተመልሶ የሄደ፣ ዋጋ ሰምቶ ታች ቆሞ ስልክ የሚደውል ሰው ሁሉ የሚያልፈው በእሳቸው በኩል ነው።

5. ላብራቶሪው ድረስ ይሂዱ

የጥርስ ቴክኒሺያኑ ከቡድኑ ሩቅ ያለው አባል ነው፤ ስለዚህ በስልክ የሚሰደበው እሱ ነው። ክራውኑ (ጥርስ ላይ የሚደፋው ሽፋን) አልገባም፣ ቀለሙ አልመጣም፣ ቅዳሜ ብሎ ሰኞ አመጣ። ግማሽ ቀን ወስደው ጠረጴዛው ጋ ይቀመጡ፤ ከየክሊኒኩ የሚመጣለትን ከረጢት ሲከፍት ይዩ።

እኔ በሄድኩበት ቀን የከፈተው አንዱ ከረጢት የራሳችን ነበር። አልጂኔቱ (የአፍ ልክ የሚወሰድበት ለስላሳ ነገር) ደርቆ ጠርዙ ተላቋል። አልጂኔት ውኃውን ሲያጣ ይኮማተራል፤ ውኃ ውስጥ ከተነከረም ያብጣል። በእርጥብ የቁስል ጨርቅ ተጠቅልሎ ቶሎ ጂፕሰም ካልፈሰሰበት ልኩ ከአፉ ጋር አይገጥምም። የእኛው ጠዋት ተወስዶ መልእክተኛው ከሰዓት ነው የወሰደው። አብሮት ያለው ወረቀት ላይ «ኤ3» የሚል የቀለም ቁጥር ብቻ አለ፤ ፎቶ የለም፤ ታካሚው ጠይም ይሁን ቀይ፣ ጎረቤት ጥርሱ ምን እንደሚመስል አያውቅም። «ዶክተር፣ እኔ እኮ ሰውየውን አይቼው አላውቅም» አለኝ፤ ሳይቆጣ።

ቀለሙም የእኛው ጥፋት ነበር። የምንመርጠው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ፣ በቢጫ አምፖል ሥር ነው። አፉን ከፍቶ የቆየ ሰው ጥርሱ ይደርቅና ከተፈጥሮው ነጥቶ ይታያል። ከዚያ ወዲህ ቀለም የሚመረጠው ታካሚው እንደተቀመጠ፣ ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት፣ መስኮቱ አጠገብ ነው፤ የቀለም ናሙናው ከጥርሱ ጎን ተይዞ ነርሷ በስልክ ፎቶ ታነሳና ትልክለታለች። ቀነ ቀጠሮውንም ሪሴፕሽኒስቷ ለታካሚው ከመስጠቷ በፊት ለቴክኒሺያኑ ትደውላለች። እስከዚያ ድረስ ቀኑን የምንወስነው ያለ እሱ ነበር።

6. ባለቤቱ

አጭር ነው። የምንሠራበት ዕቃ አብዛኛው ከውጭ ይመጣል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ጓንት የሚቆጥረው ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። አንድ የግዢ ደረሰኝ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ እናንተም የወደቀ አንድ ሙሌት እንደገና ሲሠራ ስንት ማደንዘዣ፣ ስንት ጓንት፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቁጠሩለት። ቁጥር ለቁጥር ነው የሚግባባው።

7. አሁን ሰብስቧቸው፣ አንድ ነገር ቀይሩ

ከጠዋቱ 2:20፣ በሩ ከመከፈቱ በፊት፣ 10 ደቂቃ፣ ቆማችሁ። ቅደም ተከተሉ ላይ አትደራደሩ፦ መጀመሪያ ጽዳት፣ ቀጥሎ ሪሴፕሽን፣ ነርስ፣ ሐኪም መጨረሻ። ሐኪም ቀድሞ ከተናገረ የቀረው «እሺ» ይሆናል። እያንዳንዱ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ ዛሬ የት ላይ ነው የምንጣበበው?

የመንቀያውን ጠብ በእንዲህ ያለ ስብሰባ ነው የፈታነው። ሐሳቡ የመጣው ከነርሷ ነው፤ ከ4:30 በፊት ከአራት በላይ መንቀል አይቀጠርም፣ ሁለት ሴት ላልታሰበ ሰው ይቀመጣል። እኔ ተጨማሪ ሴት ይገዛ ባይ ነበርኩ። ሪሴፕሽኒስቷ መደርደሪያው ላይ ስንት ሴት እንዳለ እንድታውቅ ነርሷ በየሰዓቱ ጣቷን ታሳያታለች፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ስልክ እያወራችም ታየዋለች።

ዋጋው፦ ሐኪሙ ከመክፈቱ በፊት ሁለቱንም ይናገራል፤ ሙሌት ከሆነ ይህን ያህል፣ ነርቭ ጋ ከደረሰ ይህን ያህል። ነርሷ ካርዱ ላይ ትጽፈዋለች። ከተቀየረም ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ሐኪሙ ራሱ ይነግረዋል።

«ግራ» እና «ቀኝ» ደግሞ እንዲህ ሆነ። ሪሴፕሽኒስቷ ታካሚው ያለውን በራሱ ቃል ትጽፋለች፤ ጎኑን ስትጽፍ «የታካሚው ቀኝ» ወይም «የታካሚው ግራ» ብላ። የጥርሱን ቁጥር የሚጽፈው አፉን ያየው ሐኪም ብቻ ነው። ራጁም እንደዚያው ነው፤ ስክሪኑ ላይ የታካሚው ግራ በእኛ ቀኝ ይውላል።

ከውጭ አገር ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ታካሚ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሜሪካ ያሉ ሐኪሞች ጥርስን ከ1 እስከ 32 ይቆጥራሉ፤ እኛ በሁለት አሃዝ፣ ከ11 እስከ 48 ባለው ነው የምንጽፈው። የአሜሪካው 14 የላይኛው ግራ የመጀመሪያ መንጋጋ ነው። በእኛ አጻጻፍ ግን 14 የላይኛው ቀኝ፣ ከክራንቻው ቀጥላ ያለችው ናት። አንድ ቁጥር፣ ተቃራኒ ጎን። ወረቀቱ ላይ ቁጥር ብቻ ካለ ታካሚው በጣቱ እንዲያሳይ ይደረግ፣ ራጅ ይነሳ፣ የጥርሱ ስምም በቃል ይጻፍ።

8. እይታ የማይባሉ ነገሮች

ሁሉንም «ከእሱ ቦታ እንየው» ማለት ልክ አይደለም። ያልደረቀ ከረጢት አይከፈትም፤ ሐኪሙ ቢቸኩልም፣ ባለቤቱ ቢቆጣም። ማደንዘዣ የወጋ ሰው መርፌውን ራሱ ይጥላል፤ ለነርስ ትሪ ላይ አይተውም። ክዳን መመለስ ካስፈለገ በአንድ እጅ፣ ክዳኑን ትሪው ላይ አስተኝቶ በመዝለቅ እንጂ በሌላ እጅ ይዞ አይሆንም። የመርፌ ሳጥኑ ወንበሩ አጠገብ ይሁን፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይታሸግ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስቱም ዙር፣ የመጀመሪያው፣ ከወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ፣ ከረጢት ለሚያነሳ ሰው ሁሉ ይሰጥ። መርፌ የወጋው ሰው ቦታውን በሳሙናና በውኃ ይጠብ፣ አይጭመቀው፣ ወዲያው ይናገር፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፣ ከ72 ሰዓት ማለፍ ግን የለበትም። የተናገረ ሰው እንደማይባረር ባለቤቱ በራሱ አፍ ይናገር፤ በሌላ ሰው አፍ ሲነገር አይታመንም።

ታካሚ እየሰማ መነታረክም እዚህ ውስጥ ይግባ። አፉን ከፍቶ የተኛ ሰው ጆሮው አልተዘጋም።

9. ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ዕቃ እንደገና ይከተሉ

«ተሻሽሏል?» ብለው አይጠይቁ፤ «አዎ ዶክተር» ይባላሉ። ያንኑ ወረቀት፣ ያንኑ አራት ዓምድ፣ ያንኑ የሳምንት ቀን ይያዙ። ይህን ጊዜ ግን የሚከተለው ሌላ ሰው ይሁን፤ እኛ ሪሴፕሽኒስቷን ነው የላክነው። ያላለቀ ነገር ካለ አራተኛው ዓምድ ላይ ይታያል፤ ለቀጣዩ ዙር የሚመርጡት ጠብ እሱ ነው።

የእኛዋ ፎርሴፕስ በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ተመለሰች፤ መብራት አልጠፋም ነበር፣ እሱንም ልጅቷ ከዳር ጽፋዋለች። ከታች ደግሞ ያልጠየቅናትን አንድ መስመር ጨምራለች፦ ዶክተር «ሴት!» ብለው የጠሩት አንድ ጊዜ፣ እሱም ትሪው ላይ እያለ።